አሥራ አንድ ወንበር

አፉላ። ማክሰኞ። ከጠዋቱ ሁለት።
ሸለቆው ከመስኮት ሥር ጉሙን ተከናንቦ በተኛበት ሰዓት
መምህርት ኖጋ ገባች፣ ባዶ እጇን፣
ያን ስዕላም ስላይድ፣ ያን የሚከብድ ጓዟን
ቤቷ ትታ።
«ወንበሮቹን» አለች፣ «አዙሯቸው እስቲ ላንድ አፍታ።»

አሥራ አንድ ወንበር፣ የብረት እግሩ ሁሉ ወለሉን ሲፍቀው፣
ጥርስ ሲያንቀጫቅጭ፣ ክብ ሠራን በግድ፤ ባንድ ጎኑ እንቁላል የሚመስል ነው።
እሷም እንደ አንዳችን፣ በዣናና በኔ መካከል ተቀመጠች፤
«ዛሬ እኔ አላወራም» ብላ ወረቀት አደለች።

ወረቀቱ ይላል፦
ወንድ። ሰባ አንድ ዓመት። የደሙ ስኳር ሦስት መቶ አልፏል።
ኢንሱሊን ታዘዘ፤ በየማታው ሊወጋ «እሺ» ብሎ ሄዷል።
በወሩ ተመለሰ፤ አልተወጋም።
ነርሷ ደግማ አስረዳች። «እሺ» አለ። ሌላም ወር፤ ከ«እሺ» አልዘለለም።
ከግርጌው ላይ፣ በቀይ፦ «ተባባሪ አይደለም።»

ዣና እጇን አወጣች፤ ልማድ ነው። ኖጋ ግን ዓይኗን መሬት ጣለች፣
ማንንም አልጠራች።
«በጽሑፍ ይሰጠው» አለች ዣና ራሷ፣ እጇን አየር ላይ እንደረሳች፤
«ሰዓቱ፣ መጠኑ፣ እግር እንደሚያስቆርጥ። ከዚያ ይፈርም።» ፊርማ ትወዳለች።

«እምቢ ማለት መብቱ» አለ ሊራን፣ «ጠብመንጃ አልያዝንበት፤
ለምን እምቢ አይልም? ለምን እሺ ይላል ካላመነበት?»

ሩዋይዳ ሳቀች። «የኢክሳሉ አያቴ
‹ኢንሻአላህ› ይላል ለሐኪም በሙሉ፤ ክኒኑን ለዶሮ ይበትናል፤ በሕይወቴ
እንደዚያ ጤነኛ ዶሮ አላየሁም።»
ሁሉም ሳቀ። እኔ አልተናገርሁም።

«ዝም አይነቅዝም» ሲባል ነው ያደግሁት፤ ትልቅ በተቀመጠበት
ልጅ ቃል አይቀድምበት።
ኖጋ አልጎተጎተችኝም። ዝምታዬን
እንደ ትኩሳት መለኪያ ብብቴ ሥር ትታ፣ ቆጠረች ደቂቃዋን።

«እሺ» አልሁ፣ ድምፄ ቀጥኖ፣
«ሁልጊዜ አዎ አይደለም። አንዳንዴ ‹ሰማሁሽ› ነው፣ በቃ፣ ተከድኖ።
አንዳንዴ ‹ሰው ፊት ነኝ፣ አታሳፍሪኝ›፣
አንዳንዴ ‹ልጄ ትሆኛለሽ፣ ክፉ አልመልስልሽም፤ ቤቴ ልግባ፣ ተይኝ›።»

እዚህ ላይ ባቆም ደግ ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ክሊኒክ ገብተናል፣ እኔና አባቴ።
ሐኪሙ አንድ ረጅም ቃል አለ በዕብራይስጥ፣ እኔን እያየ፤ አስተርጓሚ ነበርሁ በልጅነቴ።
ቃሉን አላውቀውም፣ በዚያም በዚህም ቋንቋ።
አባቴ ይጠብቃል፣ ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ። እኔ ደግሞ፣ በቃ፣
«ደህና ነህ ይልሃል» አልሁት።
«እሺ» አለ አባቴ፤ «እግዜር ይስጥልኝ በይው።» አልሁለት።

ቃሉ ኩላሊት ነበር።
ያገኘሁት እዚሁ ነው፣ ከመጽሐፍ ውስጥ፣ በሁለተኛው ወር።
አባቴ ዛሬ በሳምንት ሦስቴ ማሽን ላይ ይውላል፤
ከምንማርበት ሕንፃ መንገድ አቋርጠሽ፣ አንደኛ ፎቅ ይባላል።

ክቡ ጸጥ አለ። ያጽናናኝ የለም፤ የፈረደብኝም የለም።
ዣና ብቻ፣ እጇን ሳታወጣ፦ «እኔም ለእናቴ፣ በሰባት ዓመቴ...» አልጨረሰችም።
ሩዋይዳ በቀይ የተጻፈውን በእርሳስ ሰርዛ
«ማን ተረጎመለት?» ብላ ጻፈች፣ አንገቷን አቀርቅራ፣ ተክዛ።
ሊራን አልተስማማም። «ቢተረጎምለትም ላይወጋ ይችላል።»
ልክ ነው። ይችላል።

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላል ያገሬ ሰው፤
አሥራ አንድ ሆነን እንኳ መድኃኒቱን አላገኘነው።
ኖጋም አልደመደመች። ሰዓት አለቀና ወንበር መለስን፤
ያ እንቁላል የመሰለ ክብ ፈረሰ፤ ተበተንን።

ከሰዓት መንገዱን አቋረጥሁ። አባቴ ክንዱን ዘርግቶ፣
ደሙ በቱቦ ወጥቶ፣ በቱቦ ገብቶ።
«የነገረችህ ነርስ፣ የሚጠጣውን ውኃ፣ ጨውን፣
ገባህ ወይ ያለችው?»

«እሺ» አለ።

ወንበር ሳብሁ።